ፈቃዷን የጾመችው እህቴ

ታናሽ እህቴን የሚያውቋት ሁሉ «ሙግት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አባታችን ነው። «እጅሽን ታጠቢ» ሲላት «ከበላሁ በኋላ ብታጠብስ?» ትለዋለች፤ «ተኚ» ሲላት «እንቅልፍ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ?» ትለዋለች። እናታችን ስትሞት እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ስለያዝኩ ያ ሁሉ ሙግት የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ፀጉሯን ሳበጥርላት ትሟገታለች። ጫማ ስገዛላት ትሟገታለች። ጎረቤት «ይቺ ልጅ ጠበቃ ትሆናለች» ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ «እስከዚያ ግን እኔን ትገድለኛለች» እል ነበር።

ጠበቃ አልሆነችም፤ መነጽር ቤት ተቀጠረች። ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሌንስ በፍሬሙ ልክ ትሞርዳለች። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ውሃ ይረጫል፣ ሽርጧ ላይ የሌንሱ ብናኝ እንደ ኖራ ይደርቃል። ደንበኛ ሲበዛ ወደ ፊት ወጥታ ታስተናግዳለች፤ ባለሱቁ ግን ባትወጣ ይመርጣል። አንድ ቀን አንዲት ደህና የለበሰች ሴት ትልቅ ክብ ፍሬም አድርጋ በመስታወት ስትሽኮረመም እህቴ «ይቅርብዎት እባክዎ፣ ጉጉት አስመስሎዎታል» አለቻት። ባለሱቁ ራሱን ያዘ። ሴትዮዋ ግን ከት ብላ ስቃ ሌላ ገዛች፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ካልመረጠችላት መነጽር አትገዛም።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ «እሺ» ብቻ የምትል ሰው አድርገው የመለሱልኝ። እስካሁን ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

አባታችን ከሞተ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። ከማሽኑ ጩኸት ጋር ተደምሮ ራሷን ያማት ጀመር። የሥራ ባልደረባዋ «ልብ የሚያሳርፍ መምህር አለ» ብላ ወሰደቻት። ቤቱ ፍራሽ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ነው። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ በዚያ በኩል ይመላለሳል፤ «ብልሆች ናቸው» ይላል፣ «ታች በፍራሽ ያስተኛሉ፣ ላይ በስብከት።» መምህሩ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም። ትንፋሽ ያስተምራል፣ ዝምታ ያስተምራል፣ አልፎ አልፎ ያለቅሳል። ሰው ሲያለቅስ ያየ ሰው ደግሞ ቶሎ ያምናል።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ ጠቀማት። መተኛት ጀመረች፤ ፊቷ ተመለሰ። «ዛሬ ሲያስተምሩን እኮ፣ እትዬ…» እያለች ስታወራኝ እኔም እሰይ አልኩ። በሰው ቤት ደስ ካላት ምን ቸገረኝ? ነገሩ የከፋው ለጠነከሩ ተማሪዎች ብቻ የሚሰጠውን ልምምድ የያዘች ጊዜ ነው።

ስሙ «የፈቃድ ጾም» ነው። ሌላው ሰው ከምግብ ይጾማል፣ እነሱ ከመምረጥ ይጾማሉ። ጾሙን የያዘ ሰው ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ከማን ጋር እንደሚውል አይመርጥም፤ መምህሩ ይመርጥለታል። ሲጠየቅ መልሱ «እሺ» ነው። «የሰው መከራ ከፈቃዱ ይወለዳል» ይላል ትምህርታቸው። ጾሙ መቼ እንደሚፈታ የሚወስነው መምህሩ ብቻ ነው። ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁ። ሙግትና «እሺ»! ድመትና ዋና በሉት። በሁለት ቀን ውስጥ ከመምህሩ ጋር ተጣልታ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልመጣችም። በምትኩ አንድ እሁድ ምሳ ልትበላ መጣች።

«ሩዝ ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«እሺ።»

ጨመርኩ። «አሁንስ?»

«እሺ።»

ሳህኑ ሞልቶ ዳር ዳሩን መውደቅ ጀመረ። ባለቤቴ ቀልድ ሲያገኝ አያልፍም፤ «እንዲህ ከሆነ ተገላገልን፤ ሙግት፣ እስቲ ተነሺና የኔንም ሳህን እጠቢልኝ» አላት። ተነሳች። ምግቧን ሳትነካ ተነሥታ ሳህኑን ከእጁ ወሰደችና ገንዳው ጋ ሄዳ ታጥብ ጀመር። እሱም ደነገጠ። «ኧረ ቀልዴን ነው፣ እናቴ! ተይው! ተቀመጪ!» ሲላት «እሺ» ብላ ሳህኑን አስቀምጣ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተወራም። እኔ ጎኔን ሲያመኝ ዋለ፤ ስናደድ ጎኔን ያመኛል።

ቀጥሎ የመጣችው ወደ ሥራዬ ነው። እኔ ልብስ ንጽሕና ቤት ነው የምሠራው፤ የሆቴል አንሶላና የሠራተኛ ዩኒፎርም እተኩሳለሁ። በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆመች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ነበርና ስትናገር መጀመሪያ ድምፅዋን ነው የሰማሁት።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ልገባ ነው።»

«የት?»

«ከመምህሩ ቤት። ሥራዬንም እለቃለሁ። የኪራይ ክፍሌንም።»

ካውያውን ሳላነሣ ቀና አልኩ። «ምን ሆነሽ?»

«አብረን ነን» አለች። «ከመምህሩ ጋር። እንደ ባልና ሚስት።»

እንደ ባልና ሚስት። ይህ ሰውዬ እኮ አርባ የሚያህል ተማሪ ልብሱን እየነካ «አባታችን» የሚለው ነው። አንሶላው ላይ ቡናማ ምልክት እስኪወጣ ድረስ እጄ ካውያው ላይ መሆኑን ረሳሁ።

«ወደድሽው?»

አሰበች። ስታስብ ዓይኗ ባዶ ግድግዳ የሚያነብ ይመስል ነበር። «መውደድና መጥላት እኮ ከጾሙ ውጭ ነው፣ እትዬ።»

«እሺ፣ እሱ ይቅር። አዘዘሽ ወይስ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ። በጣም በትሕትና ነው የጠየቀኝ። 'ፈቃድሽ ነው?' አለኝ፤ 'እሺ' አልኩ።»

«እምቢ ማለት ትችዪ ነበር?»

ሳቀች። ሞኝ ልጅ የማይረባ ነገር ሲጠይቅ እንደሚሳቅበት። «በጾም ላይ ሆኜ?»

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ይህን ለመረዳት ግን ትምህርት አያስፈልግም። እምቢ ማለት የማትችል ሴት ናት እሺ ያለችው። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ግን «እንዴ፣ እኔ ፈቅጄ ነው፤ አታስቸግሪኝ» ብላ ሄደች። ከኋላዋ ስጣራ አለቃዬ ስለተቃጠለው አንሶላ ይጮኽብኝ ጀመር። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ከቅዳሜ በፊት ወደ ሰውዬው ሄድኩ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አዲስ ፍራሽ ይሸታል። ደጁ ላይ የተቀበለችኝ ታላቋ ተማሪ ናት። እንዲያ ነው የሚሏት። ከሁሉም በፊት የመጣች፣ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ስትራመድ ወለሉ የማይሰማት ሴት። «መምህር እየጠበቁሽ ነበር» አለችኝ። እንደምመጣ ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ሌላውን ሰው ያስደንቀው ይሆናል፤ እኔን አናደደኝ።

መምህሩ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ለስላሳ ሹራብ ለብሷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ እኔ ብተኩሰው እንኳ እንደዚያ አይስተካከልም።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አለኝ። በዕድሜ እበልጠዋለሁ።

«መቆም ለምጄአለሁ፤ ሥራዬ በቁም ነው» አልኩት። እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ፤ አስተዳደጌ ነው፣ ምን ላድርግ።

«ስለ እህትሽ ተጨንቀሻል። ያስገደዳት የለም። ጠየቅኳት፣ ፈቀደች። ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ነን።»

«ጾመኛን እንብላ አይሉትም» አልኩት። «ከፈቃዷ እንድትጾም ካደረጓት በኋላ ፈቃዷን እንዴት ይጠይቋታል?»

ፈገግ አለ። «መልካም ጥያቄ ነው።» እንዲህ ያሉ ሰዎች መልስ ሲያጡ ጥያቄውን ያመሰግናሉ።

«መልካም ከሆነ ይመልሱት።»

ዝም አለ። ዝምታውን ለተማሪ ነው የለመደው፤ ተማሪ ዝምታውን ሲያይ ራሱን ይመረምራል። እኔ ግን ኩሽና ውስጥ ድስት ጥጄ ነበር የመጣሁት፤ ራሴን የምመረምርበት ጊዜ ስላልነበረኝ ቆሜ መልሱን ጠበቅሁ። በመጨረሻ ታላቋ ተማሪ ከበሩ በኩል «መምህር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢፈቱላትስ?» አለች። «በሁላችንም ፊት ነጻ ሆና ትመልስ። ያኔ ወሬውም ያበቃል።» ፊቷ በራ፤ ጥሩ ሐሳብ ያገኘች መስሏት ነበር። መምህሩም ወደደው። «ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመግባቷ በፊት» አለ። «አንቺም ነይ፣ ልጄ። በጆሮሽ ስሚ።»

ለአንድ ሰዓት! ውሻ ነው እንዴ ግቢ ውስጥ ለአንድ ሰዓት የሚፈታው? ደረጃውን ስወርድ ለራሴ እያወራሁ ነበርና የፍራሽ ሻጩ «ምን ፈለጉ፣ እናቴ?» አለኝ። «ዱላ» አልኩት። ፍራሹን በዱላ የምመታው መስሎት «ይምቱት፣ ስፖንጁ አይጎዳም» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ባለቤቴ ሥራ ነበረው፤ «እንዳትሳደቢ» ብቻ ብሎኝ ወጣ። ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እህቴ ክፍሉ መሐል ቆማለች፤ ሻንጣዋ አጠገቧ ነው፣ ያን የአባታችንን የቆዳ ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው። ውሳኔው ይህ ነው፤ «እሺ» ካለች ዛሬ ትገባለች፣ ከሥራዋም ከክፍሏም ትሰናበታለች፣ ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት የሚያወጣት እሷው ራሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ራሷ የላትም።

መምህሩ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «ጾሙን ፈታሁልሽ» አላት። «ለዚህች ሰዓት እምቢ ማለትም ተፈቅዶልሻል። አሁን በነጻነት መልሺ። ከእኔ ጋር ለመኖር ትፈቅጃለሽ?»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። ሁላችንም ጠበቅን። ተማሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ፈገግ እያሉ ነበር፤ መልሱን ያውቁታልና።

«የትኛውን ልበል?» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«የትኛውን ልበል፣ መምህር? እሺ ነው እምቢ?»

አንዱ ተማሪ አስነጠሰ። መምህሩ ቀስ ብሎ «ያንቺን ነው የምጠይቅሽ፣ ልጄ። ያንቺን ፈቃድ» አላት።

«እሱ እኮ እርስዎ ጋ ነው ያለው» አለች። እያሾፈች አይደለም። ኮቷን ሰው ጋ አስቀምጣ እንደምትጠይቅ ሰው ነበር የምትናገረው። «ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። እኔ ጋ ስፈልገው የለም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያን ዓይን አልረሳውም። ሕፃን ሆና መንገድ ስናቋርጥ እንዲያ ነበር የምታየኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቁም? «እትዬ?» አለችኝ።

እምቢ በይ! ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ውጪ ከዚህ፣ ሻንጣሽን አንሺ፣ ቅደሚ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳዛት ነው የኖርኩት፤ ምን ገዶኝ? ግን አፌን ስከፍት ገባኝ። እኔ «እምቢ በይ» ብላት እምቢ ትላለች፤ እሱ «እሺ በይ» ቢላት እሺ ትላለች። ታዲያ እኔና እሱ ምን ለየን? ሻንጣ ተሸካሚውን መለወጥ ብቻ ነው። ምላሴን ነከስኩ። እንደዚያን ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም፤ አንሶላ የሞላ ጋሪ ዳገት መግፋት ይቀላል።

«አላውቅም» አልኳት። «እኔን አትጠይቂኝ።»

እህቴ ሻንጣዋን አየች፣ በሩን አየች። «እንግዲያው አልገባም» አለች። «መልሱን ሳላውቅ እንዴት እገባለሁ?»

«ተረጋጊ» አለ መምህሩ። ትሕትናው ትንሽ ላላ። «ሰዓቱ ገና ነው። ቁጭ በይ።»

እግሯ ታጠፈ። ሳታስብ፣ እንደ ወንበር ታጥፋ ቁጭ አለች። ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ግን እሷም አየችው። ጉልበቷን አየች፣ ከዚያ እጇን መሬት ላይ አድርጋ፣ ለመነሣት የሚቸግራት አሮጊት ይመስል፣ ተነሣች። ሻንጣውን አነሣች።

ያኔ ነው ታላቋ ተማሪ የተናገረችው። ማንንም ሳታይ «የእኔ ጾም የተፈታው መቼ ነው?» አለች።

መምህሩ ዞር አለ። «ምን?»

«የእኔን መቼ ፈቱልኝ? ማስታወስ አቃተኝ።»

መልስ ሲሰጣት አልሰማሁም። እህቴ ደረጃ ላይ ነበረች፤ እኔም ተከተልኳት። ከኋላችን የመጣ የለም፤ አንዲት ወጣት ተማሪ ብቻ ከበሩ ላይ «ሰዓቱ እኮ አላለቀም» እያለች ትጣራ ነበር።

ድና ያበቃች እንዳይመስላችሁ። ከእኔ ጋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወር ከቅዳሜዋ ይብስ ነበር። «ሻይ ነው ወተት?» ስላት «ያለው» ትላለች። «ሁለቱም አለ!» «እንግዲህ አንቺ እንዳልሽ።» «እኔ ምንም አላልኩም!» ባለቤቴ በዚህ መሐል ሻዩን ራሱ ይጠጣዋል። ሥራዋን አልለቀቀችም ነበርና ባለሱቁ አንድ ቀን ደውሎ «ደንበኛው ያነሣውን መነጽር ሁሉ 'እሺ' ትለዋለች፣ እባክዎ ይህችን ልጅ እንደ ድሮዋ ያድርጉልኝ» አለኝ። ማታ ማታ ታለቅስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት አንዳንዴ «ናፈቀኝ» ትላለች፣ አንዳንዴ «እጁ አስጠላኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው። ደሜ እየፈላ ራሷን እዳብሳለሁ።

በዚህ መሐል ታላቋ ተማሪ ከዚያ ቤት ወጥታ ኖሮ እኔን ፈልጋ ሥራዬ ቦታ መጣች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም አሉ አለች፤ በጾም ላይ ሳሉ የተጠየቁ። ለፖሊስ ሊያመለክቱ ነው፤ እህቴም ብትጨመር ነገሩ ይጠነክራል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሽርጤን ሳላወልቅ ቤት ገባሁ።

«ተነሺ» አልኳት። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ከባለሱቁ የሥራ ፈቃድ እጠይቅልሻለሁ፣ ልብስሽንም ተኩሼዋለሁ።»

ድንች እየላጠች ነበር። «የት?»

ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አልሄድም።»

«ምን ማለትሽ ነው አልሄድም?»

«ነገ አልሄድም። አንድ ቀን እሄድ ይሆናል፤ አሁን ግን ለማያውቁኝ ሰዎች ስለዚያ ክፍል ማውራት አልፈልግም።»

«እና ያ ሰውዬ ፎቁ ላይ ተቀምጦ ሌላዋን ይጠይቅ? ሴቶቹስ? እኔስ? ስንት ቀን ነው ያልተኛሁት!»

«ሴቶቹን እኔ ራሴ አነጋግራለሁ። ምን እንደምላቸውም እኔ አስባለሁ። ነገሩ የተደረገው በእኔ ላይ ነው፣ እትዬ፤ አንቺ አትጎትቺኝ።»

«እጎትትሻለሁ! ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ!»

«አሳድገሽኛል። ቢሆንም አልሄድም። ሸሚዙንም ለምን ተኮስሽው? እሱን አልለብሰውም፣ አንገቱ ያንቀኛል፤ መቼም ወድጄው አላውቅም።»

ያን ሸሚዝ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ስትለብሰው ኖራ! የምመልስላት ነገር ብዙ ነበር፤ ስለ ሸሚዙም፣ ስለ ሰውዬውም፣ ጥፋተኛ ሲቀመጥና የተበደለ ሲሸሽ ስለማየትም። አሁንም አስባለሁ፤ መሄድ ነበረባት። በዚያ መንገድ ሳልፍ ፎቁ ላይ መስኮቱ ተከፍቶ አያለሁና ጎኔን ያመኛል። ግን ድንቹን አንሥታ መላጥ ስትቀጥል ኩሽናውን ለቅቄ ወጣሁ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘኝ።

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

«እምቢ አለችኝ።»

«ማን? ሙግት?» ጫማውን አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቆመ። «ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አናዳኝ ነዋ!» አልኩት። እውነቴን ነበር።